ከከተማ ወጣ ብሎ የሚኖር ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሱሉልታ፣ በሰበታ፣ በለገጣፎ ወይም በቡራዩ ግቢ ያለው ቤት ሠርቶ የሚገባ ሰው ምኞቱ ብዙ አይደለም። ጠዋት ፀሐይ እየሞቀ ቡናውን ሊጠጣ፣ ከውሻው ጋር ሊንሸራሸር፣ ማታ ጋቢውን ደርቦ መጽሐፍ ሊያነብ ነው። ይሁንና ብዙዎች የከተማውን ስጋትና ጥድፊያ ይዘው ስለሚገቡ ይህን ሁሉ ሳያጣጥሙት ዓመታት ያልፋሉ።

ውሻን ቀንና ሌሊት ማሰር። ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። «ካልታሰረ ኃይለኛ አይሆንም» የሚሉ አሉ። በአጭር ሰንሰለት የሚውል ውሻ ግን ወዳጅን ከባዕድ መለየት አይማርም፤ ነፋስ ላንኳኳው ቆርቆሮም፣ ከትምህርት ቤት ለሚመለስ የቤቱ ልጅም እኩል ይጮኻል። ጅብ በሚወርድባቸው የእንጦጦና የሱሉልታ መንደሮች ደግሞ የታሰረ ውሻ ማምለጫ የለውም። ግቢው በደንብ ይታጠር፣ ከዝናብና ከብርድ የሚጠለልበት ቤት ይሠራለት፣ ከዚያ ይፈታ።

በምግቡም ላይ በደግነት የሚፈጸም ጥፋት አለ። የተረፈ ወጥ ይሰጠዋል፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ሊወጋ ይችላል። ሽንኩርት ያልነካው ቅቅል ሥጋ ከሩዝ ጋር ከየትኛውም ወጥ ይሻለዋል። ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይውሰድ፤ የእንስሳት ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜም ይደገምለት። ያልታወቀ ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ሌላ መድኃኒት ፍለጋ ቀን ማባከን አይገባም፤ የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ ሰውን ማትረፍ የማይቻል ያህል ነው።

ድመት እያለች የአይጥ መርዝ ማስቀመጥ። መርዝ የበላች አይጥ ስለምትደክም በቀላሉ ትያዛለች፤ የበላቻት ድመትም ትመረዛለች። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የግድ ነው። እኔ ድመቷን እመርጣለሁ።

ግቢውን ሙሉ በሙሉ ሲሚንቶ ማልበስ። ጭቃን ለማምለጥ ተብሎ የሐምሌ ዝናብ ወደ ጎረቤት ይላካል፣ ለቡና የሚሆን አንድ ዘለላ ጤና አዳምም ከገበያ ይገዛል። መተላለፊያውን ብቻ ድንጋይ ማንጠፍ ይበቃል። በአጥር ሥር ባሕር ዛፍ መትከልም አይመከርም። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣው የአዲስ አበባን የማገዶ እጥረት ለማቃለል ነበር፤ ውኃ በብዛት ስለሚስብ ለጎመንና ለጽጌረዳ ጥሩ ጎረቤት አይሆንም። ውርጭንም መርሳት አያስፈልግም። እንደ ሱሉልታ ባለ ደጋ ችግኝ የሚያቃጥለው የክረምቱ ብርድ ሳይሆን ሰማዩ በጠራበት የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት የሚወርደው ውርጭ ነው። ማታ ማታ ችግኙን በሣር ወይም በጆንያ መሸፈን፣ ፀሐይ ስትወጣ መግለጥ ነው።

ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ክፍል ማንበብ ወይም መተኛት። ፍሙ ስለቀላና ጭሱ ስለጠፋ ጉዳት የለውም ማለት አደገኛ ስህተት ነው። የሚገድለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ቡናው ሲያበቃ ምድጃው ከቤት ይውጣ።

መጻሕፍትን ከውጭ ግድግዳ ጋር አጣብቆ መደርደር። በክረምት እርጥበቱ ወደ ወረቀቱ ይዘልቅና ሻጋታ ይወጣል። መደርደሪያውን ከግድግዳው ጥቂት ማራቅ፣ ፀሐይ በወጣች ቁጥር መስኮት መክፈት ብዙ ያድናል፤ መጻሕፍቱን ራሳቸውን ግን ፀሐይ ላይ ማስጣት ወረቀቱን ያደርቀዋል። ካርቶን መሬት ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ለምስጥ መገበር ነው። ምስጥ ከሥር ገብቶ ውስጡን ስለሚበላ መጽሐፉ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ሲያነሱት ሽፋኑ ብቻ እጅ ላይ ይቀራል፣ የቀረው አፈር ሆኗል። ልጆች እንዳያቆሽሹት ተብሎ የሚቆለፍ የመስታወት ቁም ሣጥንም ከሻጋታው ባልተናነሰ መጽሐፍ ይገድላል። ይከፈት። ዝቅ ያለው መደርደሪያ ለተረት መጻሕፍት ይሁን፤ አጠገቡም አንድ ምቹ ወንበርና መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባለባትሪ ፋኖስ ይቀመጥ።