ፍርሃት ከሚወዱት ሥራ እንዳያስቀርዎት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መጻፍ የሚፈልገው ሰው አይጽፍም። ማስተማር የምትመኘው ሴት ሰው ፊት ቆማ አታውቅም። የራሱን ሥራ መክፈት የሚያስበው ደግሞ ዕቅዱን ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ ሳያውቅ እንደገና ያሻሽላል። ሦስቱም ችሎታ አላቸው። ብትጠይቋቸው ምክንያታቸውን ይደረድራሉ፦ ጊዜ የለም፣ ገንዘብ የለም፣ ገና አልበሰልኩም። ምክንያቶቹ ውሸት አይደሉም። ግን ጠጋ ብሎ ላያቸው ከበስተጀርባቸው ፍርሃት አለ።

መፍራቱ በራሱ ችግር አይደለም። ግድ የማይሰጠንን ነገር አንፈራም። ሰው የሚፈራው ከልቡ የሚፈልገውን ነገር እንዳያበላሽ ነው። ችግሩ ያለው ፍርሃቱን በምንይዝበት መንገድ ላይ ነው። ብዙዎቻችን የምንሠራቸው ስህተቶች ደግሞ ይመሳሰላሉ።

ፍርሃቱ እስኪለቅ መጠበቅ

ከሁሉም በላይ ሰውን አስሮ የሚያስቀረው ይሄኛው ነው ብዬ አምናለሁ። «መጀመሪያ በራሴ ልተማመን፣ ከዚያ እጀምራለሁ» ይባላል። ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። ግን ፊትና ኋላው ተቀያይሯል። በራስ መተማመን የሚመጣው ከሠሩ በኋላ ነው።

ለምን እንደሆነ እናብራራው። የሚያስፈራዎትን ነገር በተዉት ቅጽበት እፎይታ ይሰማዎታል። ማመልከቻውን ዛሬ አላስገባም ብለው ሲወስኑ ደረትዎ ቀለል ይላል። አእምሮ ያንን እፎይታ እንደ ሽልማት ይቆጥረዋል፤ «መሸሽ አዳነኝ» ብሎ ይመዘግባል። በሚቀጥለው ጊዜ መሸሽ ይበልጥ ይቀላል፣ ነገሩም ይበልጥ ያስፈራል። በዚያ ላይ የፈሩት ነገር በእርግጥ ይደርስ እንደሆነና እንዳልሆነ የማየት ዕድሉ አምልጦዎታል። ስለዚህ ፍርሃቱ ሳይፈተን እንደ እውነት ይኖራል። ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ፍርሃቱ በጊዜ ብዛት የሚደክም ይመስለዋል። እየቀለበው እንደሆነ አያውቅም።

መፍትሔው ከተገኘ ቆይቷል። ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1924 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ሥራ አለ። ጥንቸል የሚፈራ፣ ገና 3 ዓመት ገደማ የሆነው ሕፃን ነበር። ጥንቸሏን በአንድ ጊዜ እቅፉ ላይ አላስቀመጠችበትም። እሱ የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሏ በሩቅ እንድትታየው አደረገች። ከዚያ ቀስ በቀስ አስጠጋችለት። በመጨረሻ ልጁ በእጁ ይነካት ጀመር። ዛሬም ባለሙያዎች ፍርሃትን የሚያክሙበት ዋናው መንገድ ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ በጥቂቱ መቅረብ፣ እዚያው መቆየት፣ ከዚያ ትንሽ ጨምሮ መቅረብ።

ሙሉ በሙሉ ባይለቅስ? ላይለቅ ይችላል። ፓብሎ ካዛልስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩ የቼሎ (ቫዮሊን መሰል ትልቅ የሙዚቃ መሣሪያ) ተጫዋቾች ስሙ ከሁሉም ቀድሞ የሚነሳ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከመድረክ በፊት በፍርሃት ይጨነቅ ነበር። በ1901 እ.ኤ.አ. ወጣት ሳለ ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ተራራ ሲወጣ ድንጋይ ተንከባሎ ግራ እጁን መታው። ያኔ መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ «ተመስገን፣ ከእንግዲህ ቼሎ መጫወት ቀረልኝ» የሚል እንደነበር በኋላ ራሱ ተናግሯል። እጁ ዳነ። ካዛልስም ተመልሶ ተጫወተ፣ ከዚያ በኋላም ለአሥርት ዓመታት መጫወቱን ቀጠለ። ፍርሃቱ ተለይቶት አያውቅም፤ ከእሱ ጋር ወደ መድረክ መውጣትን ነበር የለመደው።

ስለዚህ ራስዎን «ፍርሃቴ መቼ ይለቀኛል?» ብለው አይጠይቁ። «እየፈራሁም ቢሆን ዛሬ ልሠራው የምችለው ትንሹ ነገር ምንድን ነው?» ይበሉ። አንድ ገጽ ጽፎ ለአንድ ሰው ማሳየት። አንድ ደንበኛ ማነጋገር። ለሦስት ጓደኞች ትምህርቱን መስጠት። ትንሽ መሆኑ አያሳፍርም። ዋናው ነገር እውነተኛ መሆኑ ነው፤ ማለትም ትንሽ ልብ የሚያስደነግጥ መሆን አለበት።

ዝግጅት ውስጥ መደበቅ

ይህኛው ተንኮለኛ ነው፤ ምክንያቱም ሥራ ይመስላል። አንድ ተጨማሪ ኮርስ፣ አንድ ተጨማሪ ቪዲዮ፣ የተሻለ ካሜራ፣ የተሻለ ላፕቶፕ። ቀኑን ሙሉ ሲደክሙ ይውላሉ፤ ማታ ላይ ግን ሰው ሊያየው የሚችል ምንም ነገር የለም።

ዝግጅት ያስፈልጋል። የሐኪም ወይም የአብራሪ ሙያ ያለ ረጅም ትምህርት አይነካም። ግን ዝግጅቱ እውነተኛ መሆኑን የሚለዩባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። የሚያልቅበት ቀን አለው? ሲያልቅስ ሌላ ሰው ፊት የሚቀርብ ነገር ይወጣዋል? የሁለቱም መልስ «የለም» ከሆነ እየተዘጋጁ ሳይሆን እየሸሹ ነው። ቀን ይቁረጡለት። ቀኑ ሲደርስ ያለዎትን ይዘው ይውጡ።

ሁሉን ጥሎ መዝለል ብቻ ድፍረት ይመስላል

የምንሰማቸው የስኬት ታሪኮች አንድ መልክ አላቸው። ሰውየው አንድ ቀን በቃኝ ብሎ ሥራውን ለቀቀ፣ ያለውን ሁሉ አፈሰሰ፣ ተሳካለት። ዘልለው የወደቁት ግን ታሪካቸውን የሚጠይቃቸው የለም። እኛም «ወይ ሁሉን ወይ ምንም» የሚለውን ሒሳብ እንለምዳለን። ሒሳቡ ራሱ ደግሞ ያስፈራል። ኪራይ ያለበት፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው እንዲህ ያለውን ዝላይ ቢፈራ ትክክል ነው። ከዚያ «እኔ ደፋር አይደለሁም» ብሎ ሕልሙን ይዘጋል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሌላ መንገድ ነበረው።

ጆሴፍ ራፊ እና ጂ ፌንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። የራሳቸውን ሥራ የጀመሩ ብዙ አሜሪካውያንን ተከታትለው ነበር። ደመወዛቸውን እንደያዙ በጎን ጀምረው ኋላ ላይ ሙሉ በሙሉ የገቡበት ሰዎች፣ ገና ከጅምሩ ቅጥራቸውን ለቀው ከጀመሩት ይልቅ የሥራቸው የመክሰም አደጋ በ33 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የሚገርም አይደለም። በጎን የጀመረ ሰው የወር ወጪው ስለማያስጨንቀው ይሞክራል፣ ያርማል፣ የማይሆነውን በጊዜ ይተዋል።

ጥበብና ሳይንስም ውስጥ ይኸው ነው። ገጣሚው ቲ. ኤስ. ኤልየት ከ1917 እስከ 1925 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የባንክ ሠራተኛ ነበር። ስሙን ካስጠሩት ግጥሞች አንዳንዶቹን ሲጽፍ ቀን ቀን ቢሮ ይገባ ነበር። አልበርት አይንስታይን ፊዚክስን የቀየሩትን የ1905 እ.ኤ.አ. ጽሑፎቹን ያወጣው በርን ከተማ የፈጠራ ባለቤትነት መዝጋቢ ቢሮ ውስጥ ተቀጥሮ እየሠራ ነው። ቢሮውን የለቀቀው ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ1909 እ.ኤ.አ. ነበር። ሁለቱን ሰዎች ማንም ለሕልማቸው አልቆረጡም ሊላቸው አይችልም።

እርግጥ በጎን የተጀመረ ሥራ «ሲመቸኝ» ከተባለ ይሞታል። የተወሰነ ሰዓት ይስጡት። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያሳየው ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል። «በዚህ ሳምንት እጽፋለሁ» ከሚል ሐሳብ ይልቅ «ማክሰኞ ማታ ራት እንደበላሁ ጠረጴዛዬ ጋ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ» የሚል ሐሳብ ወደ ተግባር የመለወጥ ዕድሉ ይሰፋል። ሰዓቱና ቦታው አስቀድሞ ስለተወሰነ፣ ሲደርስ ከራስ ጋር ክርክር አይኖርም። ፍርሃት ደግሞ የሚያሸንፈን ክርክሩ ላይ ነው።

«ፍላጎቴን ገና አላገኘሁትም» እያሉ መኖር

ብዙ ሰው እውነተኛ ፍላጎቱ ተሠርቶ፣ ተጠናቅቆ አንድ ቦታ የሚጠብቀው ይመስለዋል። ሲያገኘው ሁሉም ነገር ይቀላል፣ ፍርሃቱም ይጠፋል ብሎ ያስባል። ስለዚህ የጀመረው ነገር ትንሽ ሲከብደው «ለካ ይሄ የኔ አይደለም» ብሎ ይተወዋል።

ፖል ኦኪፍ፣ ካሮል ድዌክ እና ግሬጎሪ ዋልተን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ይህንኑ መርምረዋል። ተሳታፊዎች ደስ የሚል የሳይንስ ቪዲዮ አይተው ይማረካሉ፤ ከዚያ በዚያው ርዕስ ላይ ከባድ ጽሑፍ ይሰጣቸዋል። ፍላጎት ተፈልጎ የሚገኝ ነገር ነው ብለው የሚያምኑት ሰዎች ጽሑፉ ሲከብዳቸው ጉጉታቸው ይበልጥ ወደቀ። ፍላጎት እየተኮተኮተ ያድጋል የሚሉት የተሻለ ቆዩ።

ትርጉም ያለው ሥራ ለማግኘት የግድ ሙያ መቀየር አለብኝ ማለትም የዚሁ ስህተት ቅርንጫፍ ነው። ኤሚ ርዜስኒየቭስኪ እና ጄን ደተን በ2001 እ.ኤ.አ. ሠራተኞች ሥራቸውን እንዴት እንደሚቀርጹ ሲጽፉ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞችን ምሳሌ አድርገዋል። አንዳንዶቹ ሥራቸውን ወለል ማጽዳት ብቻ አድርገው ያዩታል። ሌሎቹ ግን ከሕመምተኞች ጋር ይጫወታሉ፣ ጠያቂዎችን ይረዳሉ፣ ራሳቸውን የሚፈውሰው ቡድን አባል አድርገው ይቆጥራሉ። የሥራ መደቡ አንድ ነው። ምናልባት እርስዎም አሁን ባሉበት ቦታ፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ ሊያሰፉት የሚችሉት ክፍል ይኖራል። ከዚያ መጀመር ይቻላል።

ሰው ምን ይለኛል

ይህቺ ጥያቄ ስንቱን አስቀርታለች! ብንሳሳት ሁሉም የሚያየን፣ ሁሉም የሚያስታውሰን ይመስለናል። በ2000 እ.ኤ.አ. ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ ተማሪዎችን የሚያሳፍር ምስል ያለበት ቲሸርት አልብሰው ሰው የተሰበሰበበት ክፍል አስገቧቸው። ተማሪዎቹ ግማሽ ገደማው ሰው እንዳየው ገመቱ። በትክክል ያስተዋለው ግን ሩብ ገደማ ነበር። ሌላውም ሰው እንደ እርስዎ ስለ ራሱ እያሰበ ነው።

ነገር ግን የማያውቁት ሰው አስተያየትና የቤተሰብ ሥጋት አንድ አይደሉም። እናትዎ ወይም የትዳር ጓደኛዎ «ይሄ ነገር ያዋጣል?» ሲሉ የሚጠይቁት ስለሚጨነቁልዎት ነው። ሕልሜን አይረዱልኝም ብሎ መኮራረፍ አይጠቅምም። ቁጭ ብለው በቁጥር ያስረዷቸው፤ ስንት ያስወጣል፣ እስከ መቼ ይሞክራሉ፣ ካልሆነ ምን ያደርጋሉ? መልሱን ለእነሱ ሲያዘጋጁ ለራስዎም ይጠራልዎታል።

ከመድረክ በፊት «ተረጋጋ» ብሎ ራስን መጫን

ልብ ሲመታ፣ እጅ ሲያልብ ለመረጋጋት መታገል ብዙ አይሠራም። አሊሰን ውድ ብሩክስ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ንግግር ከማድረጋቸው በፊት «ጓጉቻለሁ» ብለው ለራሳቸው የተናገሩ ሰዎች «ተረጋግቻለሁ» ካሉት የተሻለ ሠርተዋል። ልብ የሚመታው ስንጓጓም ስንፈራም ነው። ከፍርሃት ወደ ጉጉት መሻገር ከፍርሃት ወደ እርጋታ ከመውረድ ይቀላል።

ሁሉንም ፍርሃት ጠላት ማድረግ

«ፍርሃትህን ርገጠው» የሚል ምክር በየቦታው አለ። ሁሉንም ግን አይርገጡ። አንዳንዱ ፍርሃት እውነቱን እየነገረዎት ነው፦ ውሉን አላነበቡትም፣ ብድሩ ከአቅምዎ በላይ ነው፣ አብሮዎት የሚሠራው ሰው አይታመንም። እንዲህ ያለው መልስ ይፈልጋል።

ለመለየት ይጻፉት። በትክክል የሚፈሩት ምንድን ነው? ቢደርስ ምን ይጠፋል? የጠፋውስ ይመለሳል? «ገንዘቤ ሁሉ ያልቃል» የሚል ፍርሃት ዕቅድ ይፈልጋል። «አፍራለሁ» የሚል ፍርሃት ሙከራ ይፈልጋል። ፍርሃቱ እንቅልፍ የሚነሳ፣ ከሰው የሚያርቅ፣ የዕለት ኑሮን የሚያውክ ከሆነ ደግሞ በምክር ጽሑፍ አይታለፍም። ለዚህ የሰለጠነ ባለሙያ አለ፤ ሕክምናውም ብዙዎችን ረድቷል።

የመጀመሪያውን ሙከራ እንደ ፍርድ መውሰድ

በብዙ ጭንቀት የወጣ የመጀመሪያ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ደካማ ነው። ግማሹ ጉልበት ፍርሃቱን ለመሸከም ስለዋለ ነው። ውጤቱን አይቶ «አይሆንልኝም» ማለት ችሎታን በፍርሃት ቀን መለካት ነው። ሁለተኛው ላይ የሚሸከሙት ይቀንሳል፤ ሦስተኛው ላይ ሥራው ራሱ መታየት ይጀምራል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው በፊት ለሁለተኛው ቀን ይቁረጡለት። አንባቢዎ ለሁለተኛው ጽሑፍ ቀን ይስጥዎት። አዳራሹን ለሁለት ምሽት ይያዙት። ለደንበኛዎ በሚቀጥለው ሳምንትም እንደሚመለሱ አስቀድመው ይንገሩ። ያኔ የመጀመሪያው ቀን ቢበላሽም እንኳ ልቀጥል ወይስ ልተው የሚለው ጥያቄ በዚያ ምሽት፣ ስሜቱ ትኩስ ሳለ አይወሰንም።