ውሻን በኃላፊነት ማርባት፦ በሰው ውሻ ተምሮ ወደ ራስ ውሻ

ሴት ጀርመን ሸፐርድ ያለው ሰው «ለምን አታስወልዳትም? ቡችላው እኮ ብር ነው!» የሚል ጎረቤት አያጣም። ጎረቤቱ የማይቆጥረው የዳሌ ራጁን፣ የደም ምርመራውን፣ ክትባቱን፣ የስምንት ሳምንት ቀለቡን፣ አንዳንዴም በእኩለ ሌሊት የሚመጣውን ቀዶ ሕክምና ነው። ይህን ሁሉ አስበው ለመማር ከቆረጡ መንገዱ እንዲህ ነው።

1. አንድ ውልደት ሌላ አርቢ ዘንድ ይከታተሉ

ከመጀመሪያው ምጥ እስከ ርክክብ ድረስ ልምድ ካለው ሰው ጋር ይሥሩ፤ ጨርቅ ይቀይሩ፣ ይመዝኑ፣ ይመዝግቡ። አርቢውን ሲመርጡ ቡችላዎቹን ከማየትዎ በፊት ወረቀቱን ይጠይቁ። የወላጆቹ የዳሌ ራጅ አለ? የብሩሴላ (ውሻን የሚያስወርድ ተላላፊ በሽታ) ምርመራስ? ከዚያ ደግሞ «እንዳይወልድ የከለከልከው ውሻ አለ? ለምን?» ይበሉት። ለዚህ መልስ ከሌለው ሌላ ሰው ይፈልጉ። በተጓዳኝ ሌሊት ስልክ የሚያነሳና ቀዶ ሕክምና የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ካሁኑ ይያዙ።

2. ወላጆቹን ይምረጡ

ጀርመን ሸፐርድ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር የሚበዛበት ዘር ነው። በ10 ወሩ እንደ ልቡ የሚሮጥ ውሻ ችግሩን ይዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለቱም ወላጆች 24 ወር ሞልቷቸው ራጅ ሳይነሱ አያዳቅሉ። አባትን ከልጁ ማዳቀል 25 በመቶ፣ በአንድ ወላጅ የሚገናኙ ወንድምና እህትን ማዳቀል 12.5 በመቶ የዘመዳሞች ውርስ (ከሁለቱም ወላጆች ያንኑ ጂን የመውረስ ዕድል) ይሰጣል፤ በዚህ ጊዜ ተደብቆ የኖረ በሽታ ከሁለቱም ወገን ተገናኝቶ ብቅ ይላል። ብሩሴላን በደም ያስመርምሩ፤ ያስወርዳል፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል። ጠባይም ይታይ። ፈርቶ የሚናከሰውን «ለጥበቃ ይሆናል» ብለው የሚያራቡ አሉ፤ ፍርሃቱ ግን ለልጆቹ ይተርፋል።

3. ቀኑን ይያዙ

«ባዶ ቀረች» የሚባለው በአብዛኛው ቀኑ ስለሚሳት ነው። ደም ያየችበትን የመጀመሪያ ቀን ይጻፉ። ከ6ኛው ቀን አካባቢ ጀምሮ በየሁለት ቀኑ የፕሮጄስትሮን (በደም የሚለካ የእርግዝና ሆርሞን) ምርመራ ይደረግላት፤ መጠኑ በሚሊ ሊትር 5 ናኖግራም ገደማ ሲደርስ እንቁላሉ ወጥቷል ማለት ነው። እንቁላሉ ለመብሰል ሁለት ቀን ስለሚፈልግ ከሁለት ቀን በኋላ ያስጠቋት። ምርመራው ካልተገኘ ደሙ ቀለሙ ሲፈዝና ጅራቷን ወደ ጎን ስታደርግ ይጀምሩ፣ ወንዱን እስከተቀበለች ድረስም በየሁለት ቀኑ ይድገሙ። ከተጣበቁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቢቆዩም አይጎትቷቸው፤ የሰፈር ልጆች ድንጋይ እየወረወሩ የሚያላቅቋቸው ውሾች ይጎዳሉ።

4. እርግዝናው

63 ቀን አካባቢ ነው። በ28ኛው ቀን አልትራሳውንድ፣ ከ55ኛው ቀን በኋላ ደግሞ ቡችላ ለመቁጠር ራጅ ይነሳል። ቀለቧን እስከ አምስተኛው ሳምንት አይጨምሩ። የካልሲየም ክኒን አይስጧት! ሰውነቷ ከአጥንቷ ካልሲየም ማውጣቱን ይተውና፣ ወተቱ ሲበዛ በደሟ ያለው ወርዶ ትንቀጠቀጣለች፤ ቶሎ ካልታከመች ይገድላታል።

5. የምጡ ሌሊት

የምትወልድበት ሳጥን በየጎኑ ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ይሁን፤ ከወለሉም ከግድግዳውም 10 ሴንቲ ሜትር የራቀ አጣና ዙሪያውን ይምቱለት፤ እናትየው ስትጋደም ቡችላ ግድግዳው ላይ እንዳትጨፈልቅ ነው። ሚዛን፣ ቴርሞሜትር፣ ፎጣ፣ ክር፣ መቀስ፣ አዮዲን፣ ደብተር አጠገብዎ ይኑር።

ከ58ኛው ቀን ጀምሮ ሙቀቷን ጠዋትና ማታ ይለኩ። ከ37.2 ዲግሪ በታች ከወረደ በ24 ሰዓት ውስጥ ትወልዳለች ብለው ይጠብቁ። ጨርቅ መጫርና ማለክለክ ለ12 ሰዓታት ያህል ሊቆይ ይችላል፤ ይህን ጊዜ አይነካኳት። ቡችላው ሲወጣ ሽፋኑን እናትየው ካልቀደደችው እርስዎ ይቅደዱ፣ አፍና አፍንጫውን ይጥረጉ፣ እስኪያለቅስ በፎጣ ይሹት። ይዞ ማወዛወዝ አንጎሉን ይጎዳል። እትብቱን ከሆዱ 2 ሴንቲ ሜትር ርቀው በክር ይሰሩ፣ ቆርጠው አዮዲን ይንኩት። የእንግዴ ልጆቹንም ይቁጠሩ።

በኃይል እያማጠች 30 ደቂቃ ካለፈ፣ ገና ቡችላ እያለ 2 ሰዓት ዝም ካለች፣ ወይም የመጀመሪያው ሳይወለድ ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ ከታየ ለሐኪሙ ይደውሉ። ኦክሲቶሲን (ምጥ የሚያፋጥን መድኃኒት) በራስዎ አይውጉ፤ ቡችላው መንገድ ዘግቶ ከሆነ ማህፀኗ ሊቀደድ ይችላል።

6. ሁለቱ አስቸጋሪ ሳምንታት

አራስ ቡችላን የሚገድለው ከረሃብ በፊት ብርድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የሳጥኑ አንድ ጥግ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ይሁን። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ አምፖል ብቻ አይመኑ። መብራት ሲጠፋ ሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልተው፣ በፎጣ ጠቅልለው ጥጉ ላይ ያኑሩ። ሌላው ጥግ ቀዝቀዝ ይበል፤ የሞቀው ሸሽቶ ይሄድበታል።

ቡችላዎቹ እንገሩን በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት ይጥቡ። ለየቡችላው ልዩ ቀለም ያለው ክር አንገቱ ላይ ላላ አድርገው ያስሩ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይመዝኑ። 480 ግራም የተወለደው ባለ ቢጫ ክር በማግስቱ 470 ቢሆን ብዙ አያስደነግጥም፤ በሦስተኛው ቀን 455 ከሆነ ግን እየሞተ ሊሆን ይችላል። በእጅዎ ከቀዘቀዘ መጀመሪያ ቀስ ብለው ያሙቁት፤ የቀዘቀዘ አንጀት ስለማይፈጭ ወተት ከሰጡት ይብስበታል። የላም ወተት ስቡም ፕሮቲኑም ከውሻ ወተት በግማሽ ያህል ያንሳል፤ የቡችላ የዱቄት ወተት አስቀድመው ይግዙ።

7. እስከ ርክክብ

የትል መድኃኒት በ2፣ 4፣ 6 እና 8 ሳምንት በክብደታቸው ልክ፤ የፓርቮና የዲስቴምፐር (ቡችላ የሚገድሉ ተላላፊ በሽታዎች) ክትባት ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ይጀመራል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብዙውን ጊዜ በ12 ሳምንት ስለሆነ ቀኑን ለገዢው ጽፈው ይስጡት። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ቡችላዎቹ ሕፃን፣ መጥረጊያ፣ የብረት ድስት ድምፅ ይልመዱ። ከ8 ሳምንት በፊት አይስጡ፤ ገዢው ማሳደግ ካቃተው እርስዎ መልሰው እንደሚወስዱት በጽሑፍ ይዋዋሉ። የክሩን ቀለምና የገዢውን ስልክ ደብተሩ ላይ ይመዝግቡ፦ በሁለት ዓመቱ ደውለው የዳሌ ራጁን ውጤት የሚጠይቁት፣ ያቺኑ እናት ከዚያው ወንድ ጋር ይደግሙ እንደሆነ የሚወስኑትም በዚህ ነው።