የጌም መሪህን ልትቀይር ካሰብክ (አዳማ ላለህ ሰው)

ሎጂቴክ ጂ29 ወይ ጂ920 ሚባለውን የጌም መሪ ማሽን ገዝተህ ትንሽ ከተጫወትክበት በኋላ መጀመሪያ ሚያስጠላህ መሪው ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ወደ 27 ሳንቲም ብቻ፣ ዩቱብ ላይ ደሞ ሰዎቹ ሞሞ ስፓርኮ ምናምን ሚባሉ የሬሲንግ መሪዎች አስረው ስታይ ያምርሃል። መቀየር ይቻላል፣ አዳማ ቁጭ ብለህም ይቻላል። ግን ብር ከማውጣትህ በፊት ይሄን እወቅ፣ መሪ መቀየር ማሽኑ ውስጥ ያለውን፣ መሪውን ሚታገልህን ሞተር አያጠነክረውም፣ እንደውም ትልቅ ካሰርክበት ይባስ ይደክማል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ጂ29 ቢበዛ ቢበዛ 2.2 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ሃይል መለኪያ ነው) አካባቢ ነው ሚሰጠው። እጅህ ላይ ሚደርሰው ሃይል ግን ይሄ ከመሃል እስከ እጅህ ላለው ርቀት ተካፍሎ ነው፣ በ27 ሳንቲሙ መሪ 16 ኒውተን ገደማ ይደርስሃል፣ 35 ሳንቲም ስታስር ወደ 12.5 ይወርዳል፣ ሩብ ሊሞላ ምንም አልቀረው የጠፋው። ጎማ ሲፈታ ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክተው ሚያስረዝሙት ለምን ሆነና፣ እዚህ ጋ ረጅሙን እጀታ የያዝከው አንተ ነህ፣ ሞተሩ ደሞ ብሎኑ። በዛ ላይ ክብደት አለ፣ ከባድ መሪ የጎማውን ትንንሽ ንዝረት ይውጠዋል፣ መኪናው ከኋላ ሲንሸራተት መሪው በራሱ ተሽከርክሮ ሚመለስበትም ፍጥነት ይቀንሳል፣ አንተ ደሞ ያንን ስሜት ፈልገህ ነው ብር ያወጣኸው።

ስለዚ ለጂ29 አይነት ማሽን እኔ ምመክርህ ከ28 እስከ 30 ሳንቲም ያለ ቀላል መሪ ነው፣ ከላይና ከታች የተቆረጠው የጂቲ ወይ የፎርሙላ ቅርፅ ይሆናል። 35 ሳንቲሙ ሚያምረው ጠንካራ ሞተር ላይ ነው፣ ለምሳሌ ሞዛ አር5 ሚባለው ማሽን 5.5 ኒውተን ሜትር ስለሚሰጥ 35 ብታስርበትም 31 ኒውተን እጅህ ላይ ይደርሳል፣ ያኔ እንደፈለክ። ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር ብቻ ምትጫወት ከሆነ ግን ምክሬን እርሳው፣ ለከባድ መኪና ትልቅ መሪ ነው ደስ ሚለው፣ ስሜቱም ቢላላ ምንም አይልህም።

ከመለዋወጫ ሱቅ የእውነተኛ መኪና መሪ ላንሳ ምትል ካለህ ሁለት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ የፋብሪካ መሪ መሃሉ ላይ ጥርስ ያለው ቀዳዳ ነው ያለው፣ ስድስት የብሎን ቀዳዳ የለውም፣ ስለዚ መሃሉን ማሰራት አለብህ፣ አብዛኛው ደሞ ትልቅና ከባድ ነው። ሁለተኛ፣ ኤርባግ ያለው እንዳትነካ። ኤርባግ ውስጥ ሚፈነዳ ነገር ነው ያለው፣ ቤት ወስደህ በካቻቢቴ ምትጎረጉረው አይደለም። ኤርባጉ የወጣለትን ብቻ ግዛ።

የሬሲንግ መሪ ስትገዛ መጀመሪያ ማስመሪያ ይዘህ ቀዳዳዎቹን ለካ። ሞሞ፣ ስፓርኮና ኦኤምፒ ስድስቱ ቀዳዳዎች 70 ሚሊ ስፋት ባለው ክብ ላይ ናቸው፣ ናርዲና ፐርሰናል 74 ሚሊ። በአይን አትለያቸውም፣ ግን የአንዱ ብሎን ሌላው ላይ አይገባም። ምትለካው ፊት ለፊት ካሉት ሁለት ቀዳዳዎች የአንዱን መሃል ከሌላኛው መሃል ነው፣ ወይ 70 ይመጣል ወይ 74። ኮፒው ገበያ ላይ ብዙ ነው፣ ለጌም ምንም አይልም፣ ግን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተህ ጠማማ አለመሆኑን እይ።

ቀጥሎ ማያያዣው፣ ማለትም አዳፕተሩ፣ ዋናው ስራ እሱ ነው። ከውጪ የተዘጋጀ ማስመጣት ይቻላል፣ ግን አዳማ ላይ ለሱ መጠበቅ ምንም አያስፈልግም፣ ከተማዋ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሁሉ ሚያልፍባት ስለሆነች ጋራዥና ቶርኖ ቤት ሞልቷል፣ ለነሱ ይሄ ቀላል ስራ ነው። አንተ ይዘህ መሄድ ያለብህ ትክክለኛ ንድፍ ነው። የድሮውን መሪ ከማሽኑ ፍታ፣ ሃይል ነቅለህ፣ የቁልፎቹን ሽቦ ቀስ ብለህ ከሶኬቱ አውጥተህ፣ ከመፍታትህ በፊት ደሞ በስልክህ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሳ። ከዛ መሪው የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፈህ በእርሳስ ጎን ሸካከር አድርገው፣ የቀዳዳዎቹ ቅርፅ ወረቀቱ ላይ ቁጭ ይላል። የአዲሱን መሪ ቀዳዳ ደሞ በኮምፓስ ምትሰራው 35 ሚሊ ከፍተህ ክብ አስምረህ፣ ኮምፓሱን ሳትነካ ያንኑ 35 ክቡ ዙሪያ ስድስት ጊዜ ስታስረግጠው በትክክል ስድስቱ ነጥብ ይመጣልሃል (ለ74ቱ 37 ክፈት)። ሁለቱን ንድፍ አንድ መሃል ላይ አሳርፋቸው፣ መሃሉ ከሳተ መሪው ሲዞር ይንገዳገዳል።

ወረቀቱን ይዘህ ቶርኖ ቤት ሄደህ "ጋሼ፣ ይሄን ስድስት ሚሊ አሉሚኒየም ላይ ያውጡልኝ" በቃ። ብረት አታሰራ፣ ክብደት ነው ምንሸሸው። መጀመሪያ መሞከር ከፈለክ 12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ በትራፓኖ በስተህ እሰረው፣ ከያዘ ያንኑ በአሉሚኒየም ታሰራለህ። ስሪዲ ፕሪንት ሚያደርግ ሰው ካገኘህ ፒኢቲጂ በሚባለው ፕላስቲክ ስራልኝ በለው፣ ፒኤልኤ ሚባለው ፕላስቲክ 60 ዲግሪ አካባቢ ስለሚለሰልስ በአዳማ ፀሃይ መስኮት ስር ወይ መኪና ውስጥ ከተውከው ይጠማዘዝብሃል።

ማርሽ መቀየሪያ ጆሮዎቹ ጋ ጣትህ እንዲደርስ አዲሱ መሪ ብዙ ወደ ፊት መውጣት የለበትም። ማያያዣውን ሳታሰራ በፊት ጆሮዎቹና የድሮው የቁልፍ ሰሌዳ ቦታቸው ላይ እንዲቀሩ ነው ወይስ ሚወጡት ሚለውን ወስን፣ ከዛ በኋላ መቀየር አስቸጋሪ ነው።

አዲሱ መሪ ላይ ቁልፍ ከሌለ ፒሲ ለሚጫወት ችግር የለም፣ ጌሙ ሁለት ሶስት ኮንትሮለር አንድ ላይ ይቀበላል። አዲስ ቁልፍ ገዝተህ አርዱይኖ ሚባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ ታገናኘዋለህ፣ ፕሮ ማይክሮ ወይ ሊዮናርዶ ሚባለው አይነት በቀጥታ እንደ ጆይስቲክ በዩኤስቢ ይታያል፣ ኡኖ ግን እንደዛ አይሰራም፣ ሳታውቅ ርካሽ ነው ብለህ እንዳትገዛው። ስታኞ ማድረግ ካልቻልክ የሞባይል ጥገና ልጆች ይሰሩልሃል። መሪው 900 ዲግሪ ማለት ወደ አንድ ጎን አንድ ዙር ከሩብ ነው ሚዞረው፣ ስለዚ ገመዱን ለዛ ሚበቃ ትርፍ ተውለት፣ እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለው አይነት ከሆነ አሪፍ ነው። ፕሌይስቴሽን ላይ ከሆንክ ግን ይሄ ሁሉ ከንቱ ነው፣ ተራ የዩኤስቢ ጆይስቲክ አይቀበልም፣ የኦርጅናሉን ቁልፍ ሰሌዳ ይዘህ መቆየት ግድ ነው።

ስታስር ኤም5 ብሎን ተጠቀም፣ ፊት ለፊት ያሉትን ብሎኖች እያፈራረቅክ ቀስ በቀስ አጥብቅ፣ ከስር ስፕሪንግ ሮንዴላ አስገባበት፣ ንዝረቱ ብሎኑን ያላላዋል። ብሎኑ ረዝሞ ከኋላ የማሽኑን ቀፎ እንዳይነካ በእጅህ አንድ ዙር አዙረህ ስማ፣ ትንሽ ሚፍቅ ድምፅ ካለ ብሎኑን አሳጥር።

ከዛ ሃይል ስትሰጠው መሪው በራሱ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይሽከረከራል፣ ቦታውን እየለካ ነው፣ ያኔ አትያዘው፣ አዲሱ መሪ ሰፋ ስላለ ጠረጴዛውን ወይ ጉልበትህን እንዳይመታ ደሞ አስቀድመህ እይ። እኛ ጋ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሳታስበው ሊጀምር ስለሚችል መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀለው። ጌሙ ውስጥ ዳምፐር ሚባለውን፣ መሪውን ሚያከብደውን ማስተካከያ፣ ወደ ዜሮ አውርድ፣ የመሪው ክብደት ራሱ ስራውን ይሰራል። ፎርስ ፊድባኩን፣ ማለትም ሞተሩ እጅህ ላይ ሚሰጠውን ሃይል፣ ስለደከመ ብለህ እስከ ጥግ አትክፈተው፣ ጣሪያ ሲነካ ትልቁም ትንሹም ምት አንድ ይሆንብሃል።

ሽፋኑን በተመለከተ ለአዳማ ቆዳ ይሻላል። ሱፍ መሳይው አልካንታራ ላብና አቧራ ይጠጣና ያብረቀርቃል። ቆዳው ካረጀ የመኪና ወንበር ሚሰፉት ይቀይሩልሃል። የድሮውን መሪ ከነብሎኑ በፌስታል አስቀምጠው፣ ማሽኑን ልትሸጥ ስትል ገዢ ሁሉ መጀመሪያ ሚጠይቅህ ኦርጅናሉ የት አለ ብሎ ነው።