ለትንሽ ድርጅት ጥሩ ሰራተኛ እንዴት ይቀጠራል

ትልቅ ድርጅት ተሳስቶ አንድ ሰው ቢቀጥር ከብዙው መሀል ይዋጣል፣ አምስት ሆናችሁ ስትሰሩ ግን አንዱ ካልሆነ የስራው አንድ አምስተኛ ቆመ ማለት ነው፣ የቀሩት አራቱ ደሞ የሱን እየሸፈኑ ይማረራሉ። እኔ ይሄን ያወቅኩት ከከሰርኩ በኋላ ነው። ስቶር የሚይዝ ሰው ፈልጌ አንዱ መጣ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሳቂታ፣ አንድ ሰአት ሙሉ ስናወራ ስለ ቆጠራ አንድም ነገር አልጠየቅኩትም፣ ገና በሩን ሳይዘጋው "በቃ ይሄ ልጅ የኛ ነው" አልኩ። በሶስተኛው ሳምንት መዝገቡ 40 ካርቶን ይላል፣ መደርደሪያው ላይ ያለው 31። አልሰረቀም፣ እቃ ሲወጣ መመዝገብ ይረሳል እንጂ። የቀጠርኩት ለጨዋታው ነው፣ ማንን ልውቀስ?

አሁን የምሄድበት ቅደም ተከተል ይሄ ነው።

1. መጀመሪያ ስራውን ፃፉ

"ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መስራት የሚችል" ምናምን የሚለውን ተዉት፣ ሰነፍ ነኝ ብሎ የሚያመለክት ሰው የለም። ይልቅ ሰውየው ጠዋት ገብቶ ማታ እስኪወጣ በእጁ ምን ምን እንደሚሰራ ፃፉ፦ ስልክ ያነሳል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ የገባ እቃ ይቆጥራል፣ የተቆጣ ደንበኛ ያናግራል። ከስሩ ደሞ በሶስት ወር ውስጥ ምን ብቻውን መስራት አለበት የሚለውን ጨምሩ። ይሄን ስትፅፉ አንዳንዴ ሙሉ ሰራተኛ ጭራሽ እንደማያስፈልጋችሁ፣ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ ሰው እንደሚበቃ ትደርሱበታላችሁ።

2. ማስታወቂያው ላይ ደሞዙን አትደብቁ

"ደሞዝ በስምምነት" ስትሉ መጨረሻ ላይ በዋጋ የማትስማሙትን ሰው ሁሉ ኢንተርቪው እያደረጋችሁ ሳምንታችሁን ትጨርሳላችሁ። ከዚህ እስከዚህ ብላችሁ ፃፉ። የስራ ሰአቱን፣ ቅዳሜ ካለ ቅዳሜን፣ የሚከብደውንም ነገር ጨምሩ፤ የሚሸሽ ሰው አሁን ቢሸሽ ይሻላል።

3. ሰው በሰው ፈልጉ፣ ግን ብቻውን አይበቃም

ጎበዝ ሰራተኞቻችሁን "አብራችሁት ሰርታችሁ የምታውቁት ሰው አለ?" በሏቸው። ጥያቄው "የምታውቁት" ሳይሆን "አብራችሁት የሰራችሁት" ነው፣ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ማስታወቂያውንም ክፍት አድርጉት፣ አለበለዚያ ቢሮው በአንድ ጓደኛማች ይሞላና አንዱን ስትገስፁ ሶስቱ ያኮርፋሉ። ዘመድ ስትቀጥሩ ደሞ ከመቅጠራችሁ በፊት ማባረር እችላለሁ ወይ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፣ መልሱ አልችልም ከሆነ ይቅርባችሁ።

4. ሲቪው ላይ ብዙ አትቆዩ

በፈረንጆቹ 1998 ፍራንክ ሽሚት እና ጆን ሀንተር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የ85 ዓመት የቅጥር ጥናቶችን አንድ ላይ ገምግመው ነበር፣ የልምድ ዓመት ብዛት ሰውየው ጎበዝ ይሆናል አይሆንም የሚለውን በመገመት ደካማ ከሚባሉት መለኪያዎች አንዱ ሆኖ ነው የተገኘው። አስር ዓመት የሰራ ሰው አንዱን ዓመት አስር ጊዜ ደጋግሞት ሊሆን ይችላል። ሲቪው ላይ ስራውን የሚነካካ ነገር አለ? ካለ ጥሩት።

5. ለሁሉም አንድ አይነት ጥያቄ

እዚህ ጋ ነው አብዛኞቻችን የምንሸወደው። ስድስት ሰባት ጥያቄ አስቀድማችሁ ፃፉ፣ ለሁሉም አመልካች በአንድ ቅደም ተከተል ጠይቁ፣ ለየመልሱ ከ5 ነጥብ ስጡ። ይደብራል፣ አውቃለሁ፣ ግን በፈረንጆቹ 2022 ፖል ሳኬት የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ያንን የሽሚትና የሀንተርን የቆየ ስሌት እንደገና ሲሰሩት አንደኛ የወጣው እንዲህ ያለው ኢንተርቪው ነው። ዝም ብሎ ማውራት የሚለካው ሰውየው ከናንተ ጋር መግባባቱን ብቻ ነው።

ጥያቄው ስላለፈ ነገር ይሁን። "ደንበኛ ቢቆጣህ ምን ታደርጋለህ?" ካላችሁት ሁሉም መልአክ ነው። "መጨረሻ የተቆጣህ ደንበኛ ምን ሆኖ ነበር? አንተስ ምን አልከው?" በሉት፣ የኖረበት ሰው ዝርዝሩን ይነግራችኋል፣ ያልኖረበት "ያው በትህትና ማስረዳት ነው" ይላል። ትዳር፣ ልጅ፣ እርግዝና፣ ሃይማኖት አትጠይቁ፣ በብዙ አገር በህግ ያስጠይቃል፣ ስለ ስራውም ምንም አይነግራችሁም። ሁለት ሆናችሁ ከጠየቃችሁ ሳትነጋገሩ ለየብቻ ነጥብ ስጡ፣ አለበለዚያ አለቃ ያለው ነው የሚፀድቀው።

6. ስራውን በአይናችሁ እዩ

ለሂሳብ ሰራተኛ ሆን ብላችሁ ሶስት ስህተት ያስገባችሁበት ሀያ ደረሰኝ ስጡ። ለሽያጭ ሰው እቃውን ለናንተው እንዲሸጥ አድርጉ። እኔ ያን ልጅ ከሸኘሁ በኋላ የመጡትን ሁሉ አንድ መደርደሪያ ቆጥራችሁ መዝግቡ አልኳቸው። አንዷ፣ በኢንተርቪው ላይ ድምጿ እንኳን አልሰማ ያለችኝ፣ ቆጥራ ቆጥራ አንድ ቦታ ላይ ቆመችና "ይሄ የተቀደደው ካርቶን ከደህናው ጋ ይቆጠራል ወይስ ለብቻው ይመዝገብ?" አለችኝ። ከሷ በፊት የገቡት ሁሉ ዝም ብለው ነበር የቆጠሩት። እስካሁን ስቶሩን የያዘችው እሷ ናት።

ፈተናው ከአንድ ሰአት ከበለጠ ክፈሉ። የራሳችሁን ስራ በፈተና ስም በነፃ ማሰራት ደሞ ነውር ነው፣ ወሬውም ይዞራል።

7. የድሮ አለቃውን በስልክ አናግሩ

ደብዳቤ ላይ ሁሉም ጎበዝ ነው። ደውላችሁ "እንደገና ትቀጥረው ነበር?" በሉና ዝም በሉ። "አዎ!" እና "እእ... ያው ጥሩ ልጅ ነው" ለየቅል ናቸው። አሁን የሚሰራበት ቦታ ግን ሳታስፈቅዱት እንዳትደውሉ፣ እንጀራውን ልታሳጡት ትችላላችሁ።

8. ኮንትራትና ፕሮቤሽን

ደሞዙ፣ ሰአቱ፣ የሙከራ ጊዜው ሁሉ በፅሁፍ ይሁን፣ የሙከራው ርዝመት እንደየአገሩ ህግ ስለሚለያይ የናንተን አይታችሁ ፃፉ። በሙከራው መሀል ቁጭ ብላችሁ የሚጎድለውን ንገሩት፣ በመጨረሻው ቀን ዱብ አታድርጉበት። ሁለተኛ ለወጣው ሰው ደሞ ራሳችሁ ደውላችሁ ንገሩት፣ ስልኩንም አትሰርዙት፣ አንደኛው በሁለት ሳምንቱ ጥሎ ቢሄድ መጀመሪያ የምትደውሉት ለሱ ነው።