ጸሎት አልወጣ ሲላችሁ ከየት ትጀምራላችሁ?

ሥራዬን ያጣሁ ሰሞን ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ልጸልይ አልኩ፣ ቃል ጠፋኝ። ለዓመታት የለመድኳቸው የጸሎት ቃላት አንዳቸውም አልመጡም። እንደ ምንም የወጣችው «ጌታ ሆይ፣ ፈርቻለሁ» የምትል ብቻ ነበረች። ሌላ ሳልጨምር ተኛሁ። ከዚያ ወዲህ ተስፋ ቆርጦ ለሚያማክረኝ ሰው መጀመሪያ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ያለህበትን እውነት ሳታሳምረው ለእግዚአብሔር ንገረው።

የራሳችሁ ቃል ካለቀ ከዳዊት ተበደሩ። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለውን መዝሙር አውጡ። በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 12ኛው፣ በሌላው 13ኛው ነው፤ የአቆጣጠር ልዩነት ስለሆነ ግራ አትጋቡ። ድምፅ አውጥታችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። አጭር ነው። ሲጀምር ምሬት ነው፣ ሲጨርስ ዝማሬ ነው፣ መሃል ላይ ግን «ችግሬ ተፈታ» የሚል ቃል ብትፈልጉ አታገኙም። ይሄ እኔን ሁሌም ያስቆመኛል። ጠላቱ እዚያው ነው፣ ጭንቀቱም እዚያው ነው፤ ወደ ማን እየጮኸ እንደሆነ ግን ትዝ ብሎታል።

ሰውነታችሁንም አትርሱ። 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ላይ ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» ይላል። እግዚአብሔር ምን አደረገለት? አልተቆጣውም። መልአክ ልኮ ቀሰቀሰው፣ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ሲተኛም ዝም አለው። እንደገና ነው የመገበው። ስለዚህ ሁለት ሌሊት ሳትተኙ ስለ ሕይወታችሁ ትልቅ ውሳኔ አትወስኑ፤ ብሉ፣ ተኙ። መሞት የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣባችሁ ግን ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ ሐኪም ጋም ሂዱ። ሐኪም ጋ መሄድ እምነት ማጣት አይደለም።

አሁን ወደ ምሪት። መጽሐፉን ዝም ብሎ ገልጦ ጣት ያረፈበትን ቃል እንደ መልስ መውሰድን እኔ አልመክርም። ከዚያ ይልቅ አንድ መጽሐፍ ያዙና በተራ አንብቡ። የማርቆስ ወንጌል 16 ምዕራፍ ነው፣ ከአራቱ ወንጌሎች አጭሩ። ምሳሌ 31 ምዕራፍ ስላለው በቀን አንድ ብትሉ በወር ታዳርሱታላችሁ። ስታነቡ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ዛሬ ከዚህ ውስጥ ማድረግ የምችለው ምንድን ነው? መልሱን በደብተር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። «እህቴን ይቅርታ እጠይቃለሁ» ዓይነት፣ እስከ ማታ ሊሠራ የሚችል ነገር ይሁን። «ሕግህ ለእግሬ መብራት» ነው የተባለው፤ የእግር መብራት ደግሞ ቀጣዩን እርምጃ እንጂ የመንገዱን ጫፍ አያሳይም። የአምስት ዓመቱ ካልታየኝ ብላችሁ የዛሬውን እንዳትተዉ።

ከባድ ውሳኔ ሲገጥማችሁ ያዕቆብ 1፥5 ላይ ያለውን ያዙ፦ ጥበብ የጎደለው ይለምን፣ እግዚአብሔር ሳይነቅፍ ይሰጣል። «ሳይነቅፍ» የምትለዋን ልብ በሉ፣ እስካሁን የት ነበርክ አይላችሁም። ከለመናችሁ በኋላ የንስሐ አባታችሁን ወይም ፓስተራችሁን፣ ካልሆነም በእምነቱ የበሰለና ምስጢር የሚጠብቅ ሰው አማክሩ። እናንተ መስማት የምትፈልጉትን ብቻ የሚነግራችሁን ሰው አትምረጡ።

ሦስትና አራት ቀን ብትዘሉ ያመለጣችሁን ለማካካስ አትሩጡ። ሰቆቃወ ኤርምያስ 3 ላይ ምሕረቱ «ማለዳ ማለዳ አዲስ ነው» ይላል፣ ያውም ኢየሩሳሌም ፈርሳ እየተለቀሰ። ደብተሩን ክፈቱ፣ የዛሬን ቀን ጻፉበት፣ ካቆማችሁበት ምዕራፍ ቀጥሉ።