ለደንበኛም ለጎግልም የሚሆን የድረ ገጽ ጽሑፍ፦ በአንድ የኮምቦልቻ በርና መስኮት ሥራ ምሳሌነት

ኮምቦልቻ ውስጥ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ባለሙያ ድረ ገጽ ሲያሠራ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ «ድርጅታችን በብረታ ብረት ዘርፍ ጥራት ያለው አገልግሎት በመስጠት ላይ ይገኛል» የሚል ይሆናል። የሰዋስው ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ደሴ ላይ ቤት እያሠራ ያለ ሰው ስልኩን አውጥቶ «ብረታ ብረት ዘርፍ» ብሎ አይፈልግም። እሱ የሚጽፈው «የግቢ በር ዋጋ» ወይም «ላሜራ በር ኮምቦልቻ» ነው። ስለዚህ ከመጻፍ በፊት ደንበኞች በአካል መጥተውም ሆነ ደውለው የሚጠይቁትን፣ ሳያሳምሩ በራሳቸው ቃል፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ደብተር ላይ ይመዝግቡ።

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዋና ጥያቄ የራሱን ገጽ ይስጡት። የግቢ በር፣ የመስኮት ብረትና የደረጃ መደገፊያ አንድ ገጽ ላይ ሲታጨቁ አንባቢው የፈለገውን ለማግኘት ይደክማል፤ ጎግልም ገጹ በዋናነት ስለ ምን እንደሆነ ለመለየት ይቸገራል። መግቢያው ላይ ስለ ከተማዋ እድገትና እ.ኤ.አ. በ2017 ስለተከፈተው ኢንዱስትሪ ፓርክ መተረክ የተለመደ ነው፤ በር ፈላጊውን ግን አይጠቅመውም። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት መስመሮች ምን እንደሚሠራ፣ በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ እንዲሁም የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ድረስ ማጓጓዝና መግጠም በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩን መናገር አለባቸው። የብረት ዋጋ ስለሚለዋወጥ ዋጋ መጻፍ የሚፈሩ ብዙዎች ናቸው። እንዲህ ከሆነ ሒሳቡ በካሬ ሜትር እንደሚሠራና የላሜራው ውፍረት ዋጋውን እንደሚለውጠው ገልጾ፣ የመነሻ ዋጋውን ከተጻፈበት ቀን ጋር ማስፈር ይቻላል። በእኔ እምነት ዋጋውን ፈጽሞ የሚደብቅ ገጽ ደንበኛውን ወደ ጎረቤት ይሰደዋል።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ከሁሉ የሚከብደው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ ለጆሮ አንድ ቢሆኑም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ ሲገባ እያንዳንዳቸው የተለያየ ቁጥር ስለተሰጣቸው ለኮምፒውተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ሐረጎ» እና «ሀረጎ» እንደዚሁ ናቸው፤ ኮምቦልቻንም «ቆምቦልቻ» ብሎ የሚጽፍ አለ። መፍትሔው ሁሉንም አጻጻፍ በየመስመሩ መደርደር አይደለም። ሁለቱንም የጎግል መፈለጊያ ሳጥን ላይ እየጻፉ ከሥር የሚዘረዘሩትን ቃላት ይመልከቱ፤ ሰው የሚያዘወትረውን መርጠው በገጹ ሁሉ በአንድ ዓይነት ይጻፉ፤ ሌላውን አጻጻፍ በአድራሻው ወይም በሥዕል መግለጫው አንድ ጊዜ ብቻ ያስገቡት። በላቲን ፊደል የሚፈልግም ብዙ ነው፤ ደሴ በአንድ ኤስም በሁለት ኤስም፣ ኮምቦልቻ በሲም በኬም ይጻፋል። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ገጽ ካለ አጻጻፉ በካርታው ላይ ካለው የድርጅቱ አድራሻ ጋር መመሳሰል ይኖርበታል።

ሌላው የቋንቋችን ጠባይ መስተዋድድ ከስም ጋር መጣበቁ ነው። «በኮምቦልቻ»፣ «ከኮምቦልቻ»፣ «የኮምቦልቻ» እያሉ ጽሑፉን ሲጨርሱ የከተማዋ ስም ብቻውን አንድም ጊዜ ሳይቆም ይቀራል፤ ፈላጊው ግን «ላሜራ በር ኮምቦልቻ» ብሎ ነው የሚጽፈው። በአርዕስቱ ላይ «የግቢ በር ሥራና ዋጋ፣ ኮምቦልቻ» ብሎ መጻፍ ይህን ይፈታል፤ ለዓይንም አይከብድም። ጎግል ረጅም አርዕስትን በስክሪኑ ስፋት ልክ ስለሚቆርጠው ዋናው ቃል ከፊት ይቅደም።

ቃሉን በየዓረፍተ ነገሩ መደጋገም ግን ገጹን ይጎዳል፤ ጎግል ይህን በግልጽ የሚከለክለው ተግባር ነው። ከገጹ ጀርባ፣ አንባቢ በማያየው ኮድ ውስጥ፣ የቁልፍ ቃላት ዝርዝር መሙላትም ከንቱ ድካም ነው፤ ኩባንያው ዝርዝሩን ለደረጃ አሰጣጥ እንደማይጠቀምበት ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ነበር። ጽሑፉን ጮክ ብለው ለአንድ ሰው ያንብቡለት፤ ሰሚው ከሳቀ ድግግሞሹ በዝቷል ማለት ነው።

ዋጋና ስልክ ቁጥር የያዘውን ጽሑፍ በፖስተር ምስል መልክ ብቻ መለጠፍ በአካባቢያችን እጅግ የተለመደ ስሕተት ነው። ምስሉ ያምራል፤ ይሁን እንጂ ደንበኛው ቁጥሩን ነክቶ መደወል አይችልም፤ ለፍለጋም በፊደል የተጻፈውን ያህል አስተማማኝ አይደለም። ያው መረጃ ከምስሉ ሥር በፊደል ይጻፍ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ አሮጌ ሰነድ ካለ ደግሞ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ወይም እንደገና መተየብ አለበት፤ ገልብጠው ቢለጥፉት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል።

ገጹ እንደወጣ በነፃ በሚገኘው የጎግል ሰርች ኮንሶል ያስመዝግቡት፤ ከሁለት ወር ገደማ በኋላም ኮንሶሉን ይክፈቱ። ሰዎች በየትኛው ቃል ፈልገው ገጹ እንደታያቸውና ስንቱ እንደከፈተው በዝርዝር ያሳያል። አንድ ቃል ብዙ ጊዜ አሳይቶት የሚከፍተው ከጠፋ አርዕስቱን ይለውጡ፤ ገጹ ላይ ያልጻፉት ቃል ከመጣ ደግሞ ደብተሩ ላይ ይመዝግቡትና የራሱን ገጽ ይጻፉለት።