የትልቁ አንጀት ቁስለት ምን ያህል እንደከበደ ሲለካ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ታናሽ ወንድሜ አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ማለትም የትልቁ አንጀት ቁስለት አለበት። እኔ ደብረ ብርሃን ነርስ ነኝ፣ እሱን ይዤ ስመላለስም ከሌሎች ታማሚ ቤተሰቦች ጋር ሳወራም ያው አንድ አይነት ስህተት ሲደጋገም ስላየሁ ነው ይሄን የምፅፈው። በተለይ ኢንዶስኮፒክ አልትራሳውንድ ስለሚባለው፣ የአንጀትን ግድግዳ ከውስጥ ሆኖ ስለሚያየው ምርመራ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል።

የመጀመሪያው ስህተት ደም ያለበት ተቅማጥ በመጣ ቁጥር "አሜባ ነው" ብሎ መዝጋት ነው። ወንድሜ መሀል ሜዳ እያለ በአንድ አመት ውስጥ 4 ጊዜ ለአሜባ የሚሰጠውን ሜትሮኒዳዞል ወስዷል፣ ለሳምንት ቀለል ይለዋል ከዛ ይመለሳል፣ እናታችን ተልባ እያዘጋጀች ታጠጣዋለች፣ ኮሎኖስኮፒ (በፊንጢጣ በሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ አንጀትን ማየት) ይታይ ያለ ግን አልነበረም። የተገላቢጦሹ ደግሞ የባሰ ነው፣ ሰገራ በደንብ ሳይመረመር ኮላይቲስ ነው ብሎ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ መጀመር። አሜባ ያለበት አንጀት ላይ ስቴሮይድ ሲገባበት አንጀቱ እስከመበሳት ሊደርስ ይችላል። ሸዋ ሮቢት አካባቢ ቆላ ላይ በመስኖ የሚሰራ ሰው ከሆነ ቢልሃርዚያም ይታሰብ፣ የአንጀት ቲቢም እንደዛው። ሰገራ ምርመራንና ባዮፕሲን (ከአንጀቱ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ የሚሰራ ምርመራ) የሚተካ አልትራሳውንድ የለም።

ሁለተኛው ካሜራ ያየውን ብቻ ይዞ በሽታው ተለካ ማለት ነው፣ ሰው የሚቸገረው እሱ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ኮሎኖስኮፒ ካሜራ ነው፣ ካሜራ የሚያየው የአንጀቱን ፊት ብቻ ነው። ሐኪሙ መቅላቱን መድማቱን መቁሰሉን አይቶ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፣ ማዮ ይሉታል። ሰው "ማዮ 2 ነህ" ሲባል በሽታው ሙሉ ለሙሉ የተለካ ይመስለዋል። መንዝ ያደገ ሰው ይሄን ይረዳል፣ የድንጋይ ቤት ውስጡ በጭቃ ተለስኖ እርጥበት ሲገባበት ልስኑ ላይ የሚታየው እድፍ ትንሽ ሆኖ ግድግዳው ግን ድንጋዩ ድረስ የራሰ ሊሆን ይችላል፣ ልስኑን ብቻ ብታድሰው ከርሞ እዛው ቦታ ላይ ይመለሳል። ኢንዶስኮፒክ አልትራሳውንድ የሚያየው ግድግዳውን ነው። አልትራሳውንዱ ያለው ቱቦው ጫፍ ላይ ነው፣ ወይ ደግሞ በኮሎኖስኮፒው ውስጥ የሚያልፍ ቀጭን ፕሮብ ነው፣ እና ከውስጥ ሆኖ ሲያይ ጤነኛ አንጀት ስክሪኑ ላይ ነጭ ጥቁር ነጭ ጥቁር ነጭ እየሆነ በ5 መስመር ይወጣል። 2ኛው ጥቁር ውስጠኛው ሽፋን ነው፣ 3ኛው ነጭ ከሱ ስር ያለው፣ 4ኛው ጥቁር ጡንቻው። የወንድሜን ሲያዩ ሐኪሙ ስክሪኑን በጣቱ እየነካ አሳየኝ፣ 3ኛው ነጭ መስመር አብጦ ሰፍቷል፣ ከስሩ ያለችው ጥቁር መስመር ግን ቀጭን ናት፣ ጥርት ብላ ትታያለች። "ጡንቻው አልተነካም፣ መድሃኒቱን እንግፋበት" አለኝ። በኮላይቲስ አብዛኛውን ጊዜ የሚያብጠው ላይ ላዩ ነው፣ ከባድ ሲሆን ነው መስመሮቹ የሚደበላለቁት፣ ክሮንስ በሚባለው ሌላ የአንጀት በሽታ ላይ ደግሞ ሙሉ ግድግዳው ይነካል። እብጠቱ ጡንቻው ድረስ የወረደበት ሰው በመድሃኒት ብቻ የመዳን እድሉ ቀንሶ ወደ ኦፕራሲዮን የመሄድ እድሉ ከፍ ይላል፣ ፊቱ የዳነ መስሎ ግድግዳው ወፍሮ የቀረ ደግሞ ሊያገረሽበት ይችላል። ጥናቶቹ ግን በጥቂት ታማሚዎች ላይ የተሰሩ ናቸው፣ ምርመራው ለሁሉም ኮላይቲስ ታማሚ የሚታዘዝ አይደለም፣ በየሆስፒታሉም አይገኝም። ስለዚህ ሐኪማችሁ ካላዘዘላችሁ በሬ ሸጣችሁ አትሩጡ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ፣ "ሆዴን አልትራሳውንድ ታይቻለሁ ንፁህ ነው አሉኝ" የሚለው። እኛ ጋ የተለመደው የሆድ አልትራሳውንድ ጉበት ኩላሊት ሀሞት ከረጢት ነው የሚያየው። አንጀትን ከሆድ በላይ የሚያይ አልትራሳውንድም አለ፣ የሰለጠነ ሰው ከሰራው በጣም ጥሩ ነው፣ ግን ፊንጢጣ አካባቢ ያለውን የአንጀት ክፍል ዳሌ ውስጥ ስለተደበቀ በደንብ አያገኘውም፣ ኮላይቲስ ደግሞ የሚጀምረው ከዛው ነው።

ቁጥር ላይ ሙጭጭ ማለትም ስህተት ነው። የአንጀት ግድግዳ እስከ 3 ሚሊሜትር ድረስ ኖርማል ነው ይባላል፣ ወንድሜ "5 ነው" ሲሉት ሞት የተፈረደበት መስሎት ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ፕሮቡ ገደድ ብሎ ከቆመ ግድግዳው ያለልኩ ወፍራም ይመስላል፣ ድፎ ዳቦ በሰያፍ ሲቆረጥ ቅርፊቱ እንደሚወፍረው ማለት ነው። አንጀቱ ሲኮማተርም እንደዛው። ካንሰርም ቲቢም ግድግዳ ያወፍራሉ። ቁጥሩ ከመስመሮቹ፣ ከምልክቱ፣ ከደም ምርመራውና ከሰገራው ካልፕሮቴክቲን (አንጀት ሲቆጣ የሚጨምር ፕሮቲን) ጋር ሲነበብ ነው ትርጉም የሚኖረው።

ዝግጅት። አየርና ሰገራ የአልትራሳውንድ ጠላት ናቸው፣ ለዛ ነው ውሃ ሞልተው የሚያዩት። አጣዬና ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ በመስኮት ይቀርብላችኋል፣ እባካችሁ አትግዙ! ከምርመራው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ጀምሮ ቆሎ፣ ሰሊጥ፣ ተልባ፣ ፍሬ ያለው ነገር ይቅር። አንድ አባት ገብስ ቆሎ በልተው ሄደው ምርመራው ሳይሰራ ተመልሰዋል፣ ድጋሚ ቀጠሮ ድጋሚ ትራንስፖርት። ማስቀመጫ መድሃኒቱንም መኪና ላይ ሆናችሁ አትጀምሩት፣ ከዋዜማው ገብታችሁ ሽንት ቤት ቅርብ የሆነ ቦታ እደሩ።

በጣም ታሞ እያለ ቀጠሮ መጠበቅ ግን ከሁሉም የሚያስፈራኝ ነው። በቀን 6 ጊዜና ከዛ በላይ ደም እየተቀላቀለ የሚያስቀምጠው ሰው፣ ከሱ ጋር የልብ ምቱ ከ90 ከበለጠ ወይ ሙቀቱ ከ37.8 ካለፈ ወይ ሄሞግሎቢኑ ከ10.5 ካነሰ ወይ ኢኤስአሩ (የሰውነት መቆጣትን የሚያሳየው የደም ምርመራ) ከ30 በላይ ከሆነ ከባድ ነው፣ መለኪያው ከ1955 ጀምሮ ያለ ነው ግን ዛሬም ይሰራል፣ እንዲህ ያለ ሰው ሆስፒታል ተኝቶ መታከም አለበት። ሆዱ ከተነፋ ደግሞ ራጅ ይቀድማል፣ በዛ ሰአት አንጀቱን እስከመጨረሻው ቱቦ ማስገባት ሊበሳው ይችላል።

ምስሉ ጥሩ ሆነ ብሎ የኮላይቲስ መድሃኒቶቹን ሜሳላሚን ወይ ሰልፋሳላዚን ማቋረጥም የተለመደ ነው፣ ያገረሻል። ፕሬድኒሶሎን በአንዴ አይቆምም፣ ቀስ እየተባለ ይቀነሳል። ለወገብ ህመም ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ገዝቶ መዋጥም በሽታውን ሊቀሰቅሰው ይችላል፣ መጀመሪያ ጠይቁ።

የመጨረሻው የድሮ ሪፖርት መጣል ነው። ወንድሜ የመጀመሪያውን ወረቀት መኪና ላይ ጥሎት ሁለተኛው ሲነሳ ከምን ጋር ይነፃፀር? ምልክቱ ከጀመረ 8 አመት ሲሞላው ለካንሰር ክትትል ኮሎኖስኮፒ መጀመር አለበት፣ ያኔም የጀመረበትን ጊዜና የድሮውን ውጤት ይጠይቁታል። አሁን ሁሉንም በስልኬ ፎቶ አንስቼ ዋናውን እናታችን ሳጥን ውስጥ ከልደት ካርዱ ጋር አስቀምጣዋለች።